ዜና ሕይወት ምንድን ነው?

የቄስ ወይም የመሪጌታ ቀብር ላይ ቆማችሁ ታውቁ ይሆናል። ፍትሐቱ አልቋል። አስከሬኑ ወደ መቃብር ከመሄዱ በፊት አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ወደ ማይክሮፎኑ ይጠጋል። ሰዉ ደክሞታል፣ ፀሐዩ ከርሯል፣ ከኋላ የቆመው ስልኩን እያየ ነው። ሰውየው ጉሮሮውን ጠርጎ «ዜና ሕይወታቸው» ብሎ ይጀምራል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሃምሳና የስድሳ ዓመት አገልግሎት ተነቦ ያልቃል።

ዛሬ «ዜና» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የማታ ሁለት ሰዓቱ ቴሌቪዥን ነው። በግእዝ ግን ነገር፣ ወሬ፣ ታሪክ ማለት ነው። የነገሥታቱ ታሪክ «ዜና መዋዕል» የሚባለውም ለዚህ ነው። ዜና ሕይወት እንግዲህ የአንድ ሰው ኑሮ የሚተረክበት ጽሑፍ ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ብዙ ጊዜ «የሕይወት ታሪክ» ይሉታል፣ የሚያነበውም የቤተሰብ አባል ወይም የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌ ነው። ስሙ ይለያይ እንጂ ሥራው ያው ነው።

ከገድል ጋር ግን አንድ አይደለም። ገድል ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳን ብላ ለምታከብራቸው የሚጻፍ ነው፤ ተጋድሎ አለው፣ ተአምር አለው፣ ቃል ኪዳን አለው፣ በበዓላቸው ቀን ይነበባል። ስንክሳር ደግሞ የቅዱሳኑን ታሪክ አሳጥሮ በየዕለቱ የሚያስነብብ መጽሐፍ ነው። ዜና ሕይወት የሚጻፈው እኛ በዓይናችን ላየነው ሰው ነው፦ ለአጥቢያው ቄስ፣ ለቅኔ መምህሩ፣ ያለ ደመወዝ ሠላሳ ዓመት ለመሩ ሽማግሌ። ገድል በየዓመቱ ይነበባል። ዜና ሕይወት አንዴ ተነቦ ወረቀቱ ኪስ ይገባል። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ሌላው የሚቆጨኝ ይዘቱ ነው። ቅርጹን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ይልና በዚህ ዓመት ዲቁና ተቀበሉ፣ በዚህ ዓመት ቅስና፣ እዚህ ደብር ተሾሙ፣ ከዚያ ወደዚያ ተዛወሩ፣ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ» ብሎ ይዘጋል። ውሸት የለበትም። ግን ስሙን ቀይራችሁ ለሌላ ካህን ብታነቡት ማን ያውቃል? ለዕብራውያን የተጻፈው መልእክት «ዋኖቻችሁን አስቡ፥ የኑሮአቸውንም ፍሬ እየተመለከታችሁ በእምነታቸው ምሰሉአቸው» ይላል። የሹመት ዝርዝር እያዳመጠ የኑሮ ፍሬ ማየት የሚችል ሰው የለም።

ጥሩ ዜና ሕይወት ምን ይይዛል? በአብነት ትምህርት፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኒቱ ባህላዊ ትምህርት ያለፈ ሊቅ ውሰዱ። ቅኔ ዋሸራ፣ የዜማዎቹን ድጓ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ቅዳሴ ደብረ ዓባይ ተምሮ ከሆነ ይህ ሰው ጎጃምን፣ ጎንደርንና ትግራይን በእግሩ ያካለለ ነው ማለት ነው። ወረቀቱ «ተምረው አስመሰከሩ» ብሎ ያልፈዋል። በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ግን ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ውሻ እየተከላከለ ያደገ ልጅ አለ። ማን አስጠጋው? ሲታመም ማን አስታመመው? የኔታው ማን ነበሩ፣ የየኔታውስ የኔታ? የመምህራን ሐረግ ለሊቅ እንደ ዘር ሐረግ ነው። እሱ ካልተጻፈ ትምህርቱ ከየት ወዴት እንደመጣ የሚያውቅ አይኖርም።

የቤተሰባችን የንስሐ አባት ሲያርፉ የተነበበው ወረቀት ስለ ሹመታቸው ብቻ ነበር። ሰውየውን ያገኘሁት ማታ ድንኳን ውስጥ ነው። አንዲት እናት «በክረምት ጭቃ፣ በሌሊት እኔ ድረስ መጥተው ልጄን ክርስትና ያነሡልኝ እሳቸው ናቸው» ብለው አለቀሱ። አንድ ጎረምሳ ደግሞ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ከቤት ሲወጣ ሦስት ወር እሳቸው ቤት እንዳደረ፣ በመጨረሻም እጁን ይዘው ወስደው እንዳስታረቁት ተናገረ። ከዚህ ሁሉ አንዱም ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ሲፈርስ ወሬውም አብሮ ተበተነ።

ይህቺን ወረቀት እንኳ ያላገኙ አባቶች አሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር እንዲወጡ ሲለመኑ እምቢ ብለው ሕዝባቸው ጋር ቆዩ። እሳቸውም ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ታሰሩ። የሁለቱም አባቶች አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ፍትሐት የለም፣ ቀብር የለም፣ ወረቀት ይዞ ማይክሮፎን ፊት የሚቆምም የለም። ለእኔ ዜና ሕይወት የቀብር ሥነ ሥርዓት ማሟያ እንዳልሆነ በደንብ የገባኝ የእነሱን ታሪክ ሳውቅ ነው።

ያን ጊዜ በየቤቱ ተደብቀው ያገለገሉ ሽማግሌዎችም አሉ። ከወንጌላውያኑ አንዷ የሆነችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ አባላቷ አምስት ሺህ ገደማ ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ ከሠላሳ ሺህ አልፈዋል። ይህ የሆነው በየሳሎኑ በትንንሽ ቡድን ነው። ስም ዝርዝር መያዝ ያሳስር ስለነበር የዚያ ዘመን አገልግሎት የተጻፈው በሰው ልብ ላይ ብቻ ነው፣ እነዚያ ሰዎች ደግሞ ዛሬ አርጅተዋል።

ስለዚህ ዜና ሕይወት በሕይወት እያሉ ይጻፍ ባይ ነኝ። አንዳንዱ «እንዴት በቁማቸው!» ይላል፣ እንደ ሟርት ያየዋል። ታሪካቸውን እንደምትወዱ ነግራችሁ ብትጠይቋቸው ግን ደስ ነው የሚላቸው። ለመቅጃ ስልካችሁ በቂ ነው። መቼ ተሾሙ ብላችሁ አትጀምሩ፣ እሱ ከደብሩ መዝገብ ይገኛል። መጀመሪያ ከቤት የወጡበትን ቀን ጠይቁ። በጣም የራባቸውን ጊዜ፣ አገልግሎቱን ሊተዉ ያሰቡበትን፣ ያስታረቁትን ሰው ጠይቁ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ።

ባለፈው ዓመት አንድ አዛውንት መሪጌታን እንዲህ ቀዳኋቸው። አርባ ደቂቃ አወሩኝ። ስለ ራሳቸው ስጠይቅ በሁለት ቃል ያልፉታል፣ ስለ የኔታቸው ስጠይቅ ግን ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደወሉልኝ። የየኔታቸውን የኔታ ስም አሳስቻለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሣኝ፣ እባክህ አርምልኝ አሉኝ።