ውል መፈራረምና ስም ማዞር ለየቅል ናቸው

«ውል ፈርሜያለሁ፣ ቤቱ የኔ ሆነ አይደል?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ነው ይህን የምጽፈው። ገና ነው።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። በሰፈር ሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ ወረቀት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ባለቤትነቱ የሚተላለፈው ደግሞ ስሙ በመዝገብ ሲዞር ነው፤ ቁጥር 1185ን እዩ።

ለምሳሌ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ቤት ገዛችሁ፣ ከፈላችሁ፣ ቁልፉንም ተቀበላችሁ እንበል። ካርታው በሻጩ ስም ከቀረ፣ የሻጩ አበዳሪ መጥቶ ቤቱን ሊያሳግደው ይችላል። ስለዚህ ብር ከመስጠታችሁ በፊት በመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ባለው የቤቱ ማኅደር ላይ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውም ይፈርም (ደላላ ይህን ሲያስታውስ አላየሁም)።

የስም ማዞሪያ ክፍያውና የሚጠየቀው ሰነድ ግን እንደ ይዞታው ይለያያል፤ ሊዝ (ከመንግሥት በውል ለተወሰነ ዘመን የተያዘ መሬት) እና ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) አንድ አይደሉም።