በፆታዊ ዝንባሌ ምክንያት ጥገኝነት መጠየቅ

ሰው በሚያፈቅረው ሰው ፆታ ምክንያት በአገሩ ቢታሰር፣ ቢደበደብ ወይም ለሕይወቱ ቢሰጋ ሌላ አገር ገብቶ ጥገኝነት መጠየቅ ይችላል። መነሻው የ1951 የስደተኞች ስምምነት ነው (ከአንዱ በስተቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስምምነቱ አምስት የስደት ምክንያቶችን ይዘረዝራል፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የፖለቲካ አመለካከት እና የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት። ፆታዊ ዝንባሌ በስም አልተጠቀሰም። ፍርድ ቤቶች ቀስ በቀስ ያስገቡት በመጨረሻው ምክንያት በኩል ነው። በ1969 በአዲስ አበባችን የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነትም ይኸንኑ ምክንያት ይዟል። የስደተኛን ትርጉም ከ1951ዱ አስፍቶ ለዓለም ያሳየ ሰነድ ነው።

ሆላንድ በ1981 መንገዱን ከፈተች። አሜሪካ እስከ 1990 ድረስ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችን ጭራሽ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ነበራት። በዚያው ዓመት የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ለአንድ ኩባዊ ፈረደለት። በ1994 ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጃኔት ሪኖ ውሳኔው ለሌሎች ጉዳዮችም መመሪያ እንዲሆን አዘዙ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚቀርብ እንዲህ ያለ ኬዝ ሁሉ መሠረቱ ይኸው ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በእንግሊዝ ነው። ጉዳዩ የሁለት ወንዶች ነበር፤ አንዱ ከኢራን፣ ሌላው ከካሜሩን። የመንግሥት ክርክር አገራቸው ተመልሰው ማንነታቸውን ደብቀው መኖር ይችላሉ የሚል ነበር። ጁላይ 7 ቀን 2010 አምስት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ይህን ክርክር በአንድ ድምፅ ጣሉት። በሃይማኖቱ የሚሰደድን ሰው ጸሎትህን ተው ብሎ የሚመልስ የለም፤ እዚህም እንደዚያው ነው። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2003 በሁለት ባንግላዴሻውያን ጉዳይ ተመሳሳይ ነገር ብሎ ነበር።

የእንግሊዙ ውሳኔ ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለው። ጠያቂው ቢመለስ ራሱን የሚደብቀው ጥቃት ፈርቶ ከሆነ ስደተኛ ነው። የሚደብቀው ቤተሰቡን ላለማሳዘን ብቻ ከሆነ ግን አይደለም። ለእኛ ሰው ይህ ከባድ ነው። ሐበሻ ለምን ደበቅህ ሲባል መጀመሪያ የሚመልሰው «እናቴን እንዳላሳፍር» ብሎ ነው። ፍርሃቱን አይናገርም። ሁለቱም አብረው ካሉ ፍርሃቱ አንዱ ዋና ምክንያት መሆኑ ይበቃል፤ መነገር ግን አለበት።

ቀጥሎ የመጣው የማስረጃ ጥያቄ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሦስት ውሳኔዎች ሰጠ። በ2013 ከሴራሊዮን፣ ከኡጋንዳና ከሴኔጋል በመጡ ሰዎች ጉዳይ ድርጊቱን የሚቀጣ ሕግ በአገሩ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ እስራቱ በተግባር የሚፈጸም መሆን አለበት አለ። ይህ አቋም እስካሁን ያከራክራል። በ2014 ስለ አልጋ ላይ ሕይወት ዝርዝር ጥያቄ መጠየቅንና የዚያኑ ቪዲዮ በማስረጃነት መቀበልን ከለከለ። ዘግይቶ መናገር ብቻውን ውሸታም እንደማያሰኝም ወሰነ። በ2018 ደግሞ ሃንጋሪ አንድን ናይጄሪያዊ ዝናብ ላይ የቆመ ሰው ሥዕል እንዲሥል በማድረግና በመሰል የሥነ ልቦና ፈተና ዝንባሌውን ልትለይ መሞከሯን ውድቅ አደረገ። ክብር ያለው ውሳኔ ነው።

በኢትዮጵያ የ1996ቱ (በእኛ አቆጣጠር) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ድርጊትን በእስራት ይቀጣል። አንቀጽ 630 ቅጣቱን ያከብዳል፤ በከባድ ሁኔታ እስከ 10 ዓመት፣ ኃይል ወይም ማስፈራራት ካለበት ደግሞ እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። በኦገስት 2023 የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ እንዲህ ያለ ድርጊት ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ አስታውቋል። በ2014 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ከሚቀጣው የኡጋንዳ ሕግ የሸሹ ብዙዎች ኬንያ ገብተው ካኩማ ካምፕ ሰፈሩ፤ እዚያም ጥቃት ደርሶባቸዋል።

ውጭ ያለው አማርኛ ተናጋሪ ዋና ፈተናው አስተርጓሚው ነው። ከተማው ውስጥ ያሉት አስተርጓሚዎች ጥቂት ናቸው። አንዱን በቤተ ክርስቲያን፣ ሌላውን በእድር ያውቀዋል። ወሬው አገር ቤት ይደርሳል ብሎ ይሰጋል፤ ስለዚህ ዋናውን ነገር ዋጥ አድርጎ የፖለቲካ ታሪክ ያወራል። በኋላ እውነቱን ሲያወጣ ቃሉ ተጋጨ ይባላል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ጠያቂው ከፈለገ በተቻለ መጠን የራሱ ፆታ የሆነ አስተርጓሚ ይመደብለታል። በአሜሪካ የጥገኝነት ቢሮ ኢንተርቪው ላይ ግን በመደበኛው አሠራር አስተርጓሚ ይዞ የሚመጣው ጠያቂው ራሱ ነው፤ ፍርድ ቤት ሲሆን ፍርድ ቤቱ ያቀርባል። ወረቀት ለማግኘት ሲሉ የሚዋሹ ሞልተዋል የሚለው ወሬ ለእኔ አሳማኝ አይደለም። በማኅበረሰባችን ይህን ስም በራሱ ላይ መለጠፍ የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚያውቅ እንዲህ አይልም።

አሜሪካ የገባ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። ከባድ ሕመም፣ የአእምሮ ጉዳት ወይም የሁኔታ መለወጥ ካለ ጊዜው ሊታለፍ ይችላል። የትዳር ጓደኛ፣ የወዳጅ ወይም የሐኪም ደብዳቤ ይረዳል፤ ግን ዋናው ማስረጃ የራስ ቃል ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኳታርና ኩዌትን ጨምሮ ስድስቱ የባሕረ ሰላጤ አገሮች የ1951ዱን ስምምነት አልፈረሙም፤ ሊባኖስም እንዲሁ። በእነዚህ አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እህቶቻችን በስምምነቱ መሠረት የአገሩን መንግሥት ጥገኝነት መጠየቅ አይችሉም።