ጥንዚዛ ብቻውን አይኖርም፦ ከነቀዝ እስከ እበት ጥንዚዛ የሚባለውና እውነታው

«ነቀዝ ከእህሉ ከራሱ ይፈጠራል»

ሐዋሳ ገበያ ንጹሕ መስሎ የተሸመተ በቆሎ ከወር በኋላ ጆንያው ውስጥ ሲርመሰመስ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነቀዙ፣ ማለትም እህል ቦርቧሪው ትንሽ ጥንዚዛ፣ ግን ቀድሞ ገብቷል፤ ብዙ ጊዜ አዝመራው ገና ማሳ ላይ እያለ። እናቲቱ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላል ትጥልና ቀዳዳውን በሚጣበቅ ፈሳሽ ትደፍነዋለች። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቤት ከአምስት ሳምንት በኋላ ጎልማሳው ቀዶ ይወጣል። ስለዚህ ሲሸምቱ የሚንቀሳቀስ ነቀዝ አለማየት ዋስትና አይሆንም።

«ባክቴሪያ ለነፍሳት በሽታ ብቻ ነው»

ለነቀዝ ግን ከእናት በእንቁላል የሚወረስ ሀብት ነው። በቆሎ ስታርች ይበዛበታል፤ ለጠንካራ ቅርፊት የሚያስፈልጉት ታይሮሲንና ፌኒልአላኒን የተባሉ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያዎች) ያንሱታል። እነዚህን የምታሟላለት ሰውነቱ ውስጥ የምትኖረው ሶዳሊስ የተባለች ባክቴሪያ ናት። በሙከራ እሷን ያጡ ነቀዞች እድገታቸው ይዘገያል፣ ቅርፊታቸው ይሳሳል። ይበልጥ የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ቅርፊቱ አንዴ ከጠነከረ ነቀዙ አንጀቱ ላይ ያሉትን ባክቴሪያዎች ራሱ ያጠፋቸዋል። በሴቷ እንቁልጢ (እንቁላል በሚሠራበት አካል) ያሉት ግን ለልጆቿ ይቆያሉ።

«ፒክስ ከረጢት መርዝ የተቀባ ነው»

ይህ የእህል ማከማቻ ከረጢት ምንም መርዝ የለውም። ሁለት ላስቲክና አንድ ውጫዊ ጆንያ ነው፤ ነቀዙ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል። ከዚህ ባክቴሪያዋም አታድነውም።

በቆሎው መጀመሪያ እስከ 13 በመቶ እርጥበት ይድረቅ። መለኪያ ከሌለ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምሮ ደህና አድርጎ መነቅነቅ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ መተው ነው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነውና እንደገና ይሰጣ። ባይጣበቅም አንድ ቀን ፀሐይ መጨመር አይከፋም። ከሞሉ በኋላ አየሩን ጨምቆ እያንዳንዱን ላስቲክ ለየብቻው ጠምዝዞ፣ አጥፎ ማሰር ያስፈልጋል። ሥራውን የሚያበላሹት አይጥ የበሳው ላስቲክና በየሳምንቱ መክፈት ናቸው። መርዛማ ጋዝ የሚያወጣውን የነቀዝ መግደያ የፎስፊን ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ማስቀመጥ ግን ቤተሰብ ይገድላል፤ ፈጽሞ አይደረግ።

«ካፌይን ቡናን ከነፍሳት ሁሉ ይጠብቃል»

ብዙዎቹን ያርቃል። ቡና ፍሬ ቦርቧሪ የተባለውን ትንሽ ጥንዚዛ ግን አይመልሰውም፤ አንጀቱ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ካፌይኑን ይሰባብሩለታልና። በአለታ ወንዶም ሆነ በይርጋለም ጓሮ የሚጠቅመው ከለቀማ በኋላ ዛፉ ላይ የደረቀውንና መሬት የወደቀውን ፍሬ አንድም ሳይቀር መሰብሰብ ነው። ተባዩ የሚሸጋገረው እዚያ ውስጥ ተደብቆ ነው።

«የእበት ጥንዚዛ ላይ የተለጠፉት ነገሮች ደም መጣጭ ናቸው»

ብዙዎቹ ተሳፋሪ ብቻ ናቸው። እነዚህ የሸረሪት ዘመዶች አዲስ እበት ላይ ሲደርሱ ይወርዱና የዝንብ እንቁላልና ትል ይበላሉ፤ ጥንዚዛውም ተፎካካሪ ይቀንስለታል። ይህን ሽርክና የሚጎዳው የከብት መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው። ቅሪቱ በእበት ወጥቶ የጥንዚዛውን ትሎች ይገድላል። ስለዚህ በልማድ መንጋውን ሁሉ ከመውጋት የታመመችውን ለይቶ በሐኪም ምክር ማከም ይሻላል።