ስለ ባትሪ ድሪልና ኢምፓክት የሚባለውና እውነታው

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቶ የባትሪ ድሪል የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የቮልት ቁጥር ነው። የቤት ሥራ ግን መጋረጃ መስቀል፣ መደርደሪያ መግጠም፣ የቁም ሳጥን ማጠፊያ ማጥበቅ ነው። የትኛው መሣሪያ እንደሚሻል የሚወስነው የቤቱ ግድግዳ ከምን እንደተሠራ ነው።

«48 ወይም 88 የሚል ከተጻፈበት ጉልበቱ ይበልጣል»

አይበልጥም። የሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው አንድ ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት፣ ጢም ብሎ ሲሞላ ደግሞ 4.2 ቮልት ይሰጣል። አምስቱ በተከታታይ ሲያያዙ 18 ቮልት፣ ሙሉ ሲሆኑ 21 ቮልት ናቸው። ስለዚህ 18፣ «20 ማክስ» እና 21 እየተባሉ የሚሸጡት ባትሪዎች ቮልታቸው ያው አንድ ነው። ከኋላው «ቪኤፍ» የተለጠፈበት 48 ወይም 88 ብዙውን ጊዜ የሞዴል መጠሪያ ብቻ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ የሞላውን ባትሪ በቴስተር አስለኩ፤ 20 ወይም 21 ካሳየ አምስት ሴል ነው።

ከቮልቱ ይልቅ መመርመር ያለበት አምፒር ሰዓቱ፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው። ለቤት 2 አምፒር ሰዓት ያላቸው ሁለት ባትሪዎች ይበቃሉ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላል። ባለ 18 ቮልት፣ ባለ 4 አምፒር ሰዓት ነው የተባለ ባትሪ ሚዛን ላይ 350 ግራም እንኳ ካልሞላ የተጻፈበት ሐሰት ነው፤ ሴሎቹ ብቻቸውን እዚያው ገደማ ይመዝናሉ።

«ኢምፓክት ካለ ድሪል አያስፈልግም፤ ኮንክሪትም ይበሳል»

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ኢምፓክት ድራይቨር፣ ማለትም እየመታ ቪት የሚያጠብቀው መሣሪያ፣ በእርግጥ ይመታል፤ የሚመታው ግን በሚዞርበት አቅጣጫ ነው እንጂ ወደ ፊት አይደለም። ለዚህም ነው ረጅም ቪት ሞራሌ ውስጥ ሲያስገባ እጅ ሳይጠመዝዝ የሚጨርሰው። የቤት ድሪል የመጠምዘዝ ኃይሉ ከ40 እስከ 60 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ ኢምፓክት 150 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይኸው ጉልበት ቺፑድ ላይ ጉዳት ያደርሳል፦ ድሪል ላይ ያለው፣ ቁጥር የተጻፈበት የክላች ቀለበት (ቪቱ ልኩ ላይ ሲደርስ ማጥበቁን የሚያቆመው) ኢምፓክት ላይ የለም፤ ስለዚህ የማጠፊያው ቪት ልኩን አልፎ ይዞርና ቀዳዳውን ያሰፋዋል። አፉም 6.35 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ስለሆነ ተራ ክብ ፑንታ (መብሻ ብረት) አይቀበልም። «ኢምፓክት» ተብሎ አፉ ግማሽ ኢንች አራት ማዕዘን የሆነው ደግሞ የመኪና ጎማ ብሎን መፍቻ ነው፤ ስሙ አያሳስታችሁ።

ግድግዳ የሚበሳው ወደ ፊት የሚመታው ድሪል ነው፤ ቀለበቱ ላይ የመዶሻ ምልክት አለው። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ይህንን፣ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ፑንታ የሚይዘውን ይግዛ። ኢምፓክቱ የእንጨት ሥራ ሲበዛ ይጨመራል።

«ግድግዳ ሁሉ በመዶሻው ነው የሚበሳው»

ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። መዶሻው በርቶ ሲበሳ የውስጠኛው ገጽ ይሰበርና ፊሸሩ (ቪቱ የሚገባበት ፕላስቲክ) የሚይዘው ያጣል። መዶሻውን አጥፍታችሁ በግድግዳ ፑንታ በማሽከርከር ብቻ ብሱ። ለ6 ሚሊ ሜትር ፊሸር 6 ሚሊ ሜትር ፑንታና 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ቪት ይስማማሉ፤ ፑንታው 7 ከሆነ ፊሸሩ አብሮ ይዞራል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት የቆዩ ቤቶች ግድግዳቸው ድንጋይ በጭቃ ነው። ፑንታው መጋጠሚያው ላይ ካረፈ ጭቃው ይረግፋል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። እነዚህ ቤቶች ቅርስ ናቸው፤ መብሳት ግድ ከሆነ ቀስ ብሎ፣ ድንጋዩን ፈልጎ መብሳት ይገባል።

መጋረጃ ሲሰቀል ሌላ ችግር ይመጣል። ከመስኮት በላይ ያለው ብዙ ጊዜ ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ነው። የባትሪ ድሪል እዚያ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ይበሳ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ይግላል፣ ፑንታውም ይደንዛል። ለዚያ የሚሆነው ኤስ ዲ ኤስ አፍ (ፑንታው ገብቶ የሚቆለፍበት) ያለው መዶሻ ድሪል ነው፤ ለአንድ ቀን ከመግዛት መከራየት ይሻላል። ፑንታው ፌሮ ላይ ካረፈ አትግፉ፤ ቦታ ቀይሩ።

«ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ አይጠየቅም»

ድሪሉ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ቻርጀሩ ግን ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል። ወይ 220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ ወይ ለዚያው ባትሪ የተሠራ ባለ 220 ቻርጀር።

«ባትሪ ሙጥጥ ብሎ ሳያልቅ አይሞላም»

ይህ የድሮው የኒኬል ባትሪ ሕግ ነው። ሊቲየምን ሙጥጥ አድርጎ መጨረስ ይጎዳዋል፤ ድሪሉ መድከም ሲጀምር ሙሉት። የድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ ሊቲየም ከ45 ዲግሪ በላይ ግሎ መሞላት የለበትም። ሥራ ላይ የዋለ ባትሪ በእጅ ሲነካ እስኪበርድ ጥላ ላይ ይቀመጥና በማለዳ ወይም ማታ ይሞላ። ለወራት ካልተፈለገ በግማሽ ተሞልቶ፣ ከድሪሉ ወጥቶ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት ርቆ ይቀመጥ።