ስለ ዓለም አቀፍ ፋይናንስ ፖለቲካ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዶክትሬት ጥናቴ በዓለም አቀፍ ፋይናንስ ፖለቲካ ላይ እንደሆነ የሚሰሙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ዶላር በሚቀጥለው ዓመት ስንት እንደሚገባ ነው። ጥናቱ ግን የምንዛሪ ዋጋ አይተነብይም፤ ገንዘብ ድንበር ሲሻገር የሚመራበትን ደንብ ማን እንዳወጣው፣ ደንቡ ማንን እንደሚጠቅምና ኪሳራ ሲመጣ ማን እንደሚሸከመው ይመረምራል።

«ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ከፖለቲካ የራቀ የባለሙያዎች ተቋም ነው።» የባለሙያዎቹን ብቃት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን በድርጅቱ ውስጥ የአንድ አገር ድምፅ በዋናነት የሚመዘነው በኮታው፣ ማለትም በተመደበለት የገንዘብ መዋጮ ነው። ከባድ ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ስለሚጠይቁና አሜሪካ ብቻዋን ከ16 በመቶ በላይ ስለያዘች፣ እሷ ያልተስማማችበት ማሻሻያ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2010 ስምምነት የተደረሰበት የኮታ ማሻሻያ እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ ሥራ ላይ ሳይውል የቆየው የአሜሪካ ምክር ቤት ሳያጸድቀው በመዘግየቱ ነበር።

«እንግዲያውስ ድርጅቱ የዋሽንግተን መሣሪያ ብቻ ነው።» ይህም የችኮላ ድምዳሜ ነው። ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ እንደ ብራዚል ያሉ አገሮች የካፒታል ፍሰትን፣ ማለትም ለኢንቨስትመንትና ለብድር ድንበር የሚሻገረውን ገንዘብ፣ በተግባር ሲቆጣጠሩና በድርጅቱ ቦርድም ሲከራከሩ ቆይተው፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዲህ ያለው ቁጥጥር በተወሰኑ ሁኔታዎች ተገቢ ሊሆን እንደሚችል ተቀብሏል።

«ሉዓላዊ መንግሥትን አበዳሪ ሊያስገድደው አይችልም።» የጥናቴ ልብ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህኛውን ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ታዳጊ አገሮች ገንዘብ ለመበደር በውጭ ገበያ የሚሸጧቸው ቦንዶች (የዕዳ ሰነዶች) በአብዛኛው የሚዳኙት በኒውዮርክ ወይም በእንግሊዝ ሕግ ነው። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ዕዳ መክፈል አቁማ፣ በ2005 እና በ2010 ከ90 በመቶ በላይ ከሚሆነው ዕዳ ባለቤቶች ጋር በተቀነሰ ክፍያ ተስማማች። ቦንዱን በርካሽ የገዙ ጥቂት የኢንቨስትመንት ፈንዶች ግን አሻፈረን ብለው ከሰሱ፤ በጥቅምት 2012 የአገሪቱ ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ መርከብ ሊበርታድ በጋና ቴማ ወደብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደች፤ የተለቀቀችውም የባሕር ሕግ ዓለም አቀፍ ችሎት በታኅሣሥ ካዘዘ በኋላ ነው። የኒውዮርኩ ፍርድ ቤት ደግሞ «አበዳሪዎች በእኩል ደረጃ ይስተናገዳሉ» የሚል መልእክት ያለውን አንድ የውል አንቀጽ ተርጉሞ፣ ለከሳሾቹ ካልተከፈለ ለተስማሙትም እንዳይከፈል ከለከለ። አገሪቱ በ2014 እንደገና ክፍያ አቋረጠች፤ በ2016 አዲሱ መንግሥት ከከሳሾቹ ጋር ተስማምቶ ከፈለ።

«ከዚያ ወዲህ ችግሩ ተፈቷል» የሚሉም አሉ። የብዙኃኑ አበዳሪዎች ስምምነት የቀሩትንም የሚያስገድድበት የተሻሻለ አንቀጽ ከ2014 ወዲህ በወጡ አብዛኞቹ ቦንዶች ውስጥ ገብቷል፤ ሆኖም ቀድመው የወጡትን ስለማይመለከት፣ እነዚያ ተከፍለው እስኪያልቁ ድረስ አሮጌው የውል ቃል እንደጸና ይቆያል።