ደም እንዴት ይረጋል?

የደም ሥር ሲቆረጥ ወዲያው ይኮማተራል። ቀዳዳው ይጠባል፤ የሚወጣው ደምም ይቀንሳል። ቀጥሎ ፕላትሌቶች ይደርሳሉ። እነዚህ መቅኒ ውስጥ የሚሠሩ ጥቃቅን የሕዋስ ቁርጥራጮች ናቸው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛሉ፤ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ጤናማ የደም ሥር ውስጥ ዝም ብለው ያልፋሉ። ግድግዳው ሲቀደድ ግን በተገለጠው ኮላጅን (ግድግዳው ውስጥ ያለ የፕሮቲን ክር) ላይ ይለጠፋሉ፤ ሌሎችንም ይጠራሉ፤ ተደራርበው ቀዳዳውን ይወትፋሉ። አስፕሪን የሚያውከው ይሄንን ነው። የነካው ፕላትሌት በአዲስ እስኪተካ ድረስ አያገግምም። ስለዚህ ጥርስ ከመነቀል በፊት አስፕሪን እንደሚወስዱ ለሐኪም መንገር ተገቢ ነው።

ውታፉ ብቻውን ግን ልል ነው። በአብዛኛው ጉበት የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ትሮምቢን የተባለው፣ ደም ውስጥ ሟሙቶ የነበረውን ፋይብሪኖጅን ወደ ፋይብሪን ክር ይለውጠዋል። ክሩ እንደ መረብ ፕላትሌቶቹንና ቀይ የደም ሕዋሶችን ጠፍሮ ይይዛል። ለዚህ ካልሲየም የግድ ነው። የተለገሰ ደም ከረጢቱ ውስጥ የማይረጋውም እዚያ የሚጨመረው ሲትሬት የተባለ ኬሚካል ካልሲየሙን ስለሚይዝበት ነው።

ከፕሮቲኖቹ አንዳንዶቹ ያለ ቫይታሚን ኬ አይሠሩም። አራስ ልጅ ሲወለድ ይህ ቫይታሚን በጣም ያንሰዋል፤ የእናት ጡት ወተትም ብዙ የለውም። እንደተወለደ ጭኑ ላይ የሚወጋው መርፌ ለዚሁ ነው። ያለ መርፌው አንጎሉ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ጨቅላ ነው ብሎ በመራራት መርፌውን ማስቀረት በፍጹም አይገባም።

መርጋቱ ደግሞ ቁስሉ ጋ ብቻ መቅረት አለበት። አንቲትሮምቢንና ፕሮቲን ሲ የተባሉ የደም ፕሮቲኖች ይገቱታል። ቁስሉ ሲያገግም ፕላዝሚን የተባለ ኢንዛይም የፋይብሪኑን ክር ይበጣጥሰዋል። ሚዛኑ ከተዛባ ደም እግር ውስጥ ይረጋል፤ ተነቅሎም ሳንባ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል። ይህ ሊገድል ይችላል።

ለዚህ ችግር ከሚታዘዙት ደም ማቅጠኛዎች አንዱ ዋርፋሪን ነው። የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በመግታት ነው። እዚህ ላይ የኛ ማዕድ ይገባበታል፤ ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነውና። ሁዳዴ ሲገባ በየቀኑ ጎመን እየበሉ ከፋሲካ በኋላ እርግፍ አድርጎ መተው የመድኃኒቱን ኃይል ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ጎመኑ በሳምንቱ ውስጥ ተመጣጣኝ ሆኖ ከዘለቀ የመድኃኒቱን መጠን በሱ ልክ ማስተካከል ይቻላል። ጾም ከመግባቱ በፊት ለሐኪም መንገርና ደምን ቶሎ ቶሎ መመርመር ይጠቅማል።