የጀርሞች መድኃኒት መላመድ ምንድን ነው? ነገሩን ከበረቱ እንጀምር

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለምዶታል።» ይህን አባባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጉሮሮው ደጋግሞ የሚያመው ሰው ይለዋል። ዶሮ አርቢም ይለዋል፦ «ዶሮዎቼ ይሄን ለምደውታል፣ ጠንከር ያለ ስጡኝ።» አባባሉ ቶሎ ይገባል። ችግሩ ስህተት መሆኑ ነው። የለመደው ሰውነት አይደለም። ዶሮዋም አይደለችም። ጀርሙ ነው።

የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ግን እስቲ አስቡት። የለመደችው ዶሮዋ ብትሆን ኖሮ መላው ቀላል ነበር። ያሉትን ሸጦ አዲስ ጫጩት ማስገባት፣ አለቀ። አዲሷ ጫጩት መድኃኒቱን አይታው አታውቅምና እንደ አዲስ ይሠራላታል። በተግባር ግን እንዲያ አይሆንም። ጫጩቷ ገና በሳምንቷ ትታመማለች፣ ያው መድኃኒት ይሰጣታል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። የለመደው ጀርም ከቤቱ አልወጣማ! ጉዝጓዙ ውስጥ፣ የውሃ መጠጫው ጠርዝ ላይ፣ የሠራተኛው ቦት ጫማ ሥር ቁጭ ብሎ ሲጠብቃት ነበር።

እንግዲህ የጀርሞች መድኃኒት መላመድ የሚባለው ይህ ነው። ቀድሞ ይገድላቸው የነበረውን መድኃኒት ተቋቁመው መኖርና መራባት ሲጀምሩ ለመዱ እንላለን። ቫይረሶችም፣ ፈንገሶችም፣ ጥገኛ ተሕዋስያንም የየራሳቸውን መድኃኒት ይላመዳሉ። እዚህ ግን ስለ ባክቴሪያና ስለ አንቲባዮቲክ ነው የማወራው፤ በረት ውስጥ ዋናው ጣጣ እሱ ነው።

«መላመድ» የሚለው ቃል ራሱ ትንሽ ያታልላል። ሰው ብርድን እንደሚለምደው ዓይነት አይደለም። ኢ.ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሁኔታው ከተመቸው በ20 ደቂቃ ገደማ አንዱ ሁለት ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ሲባዛ የዘር መልእክቱን ሲገለብጥ እዚህም እዚያም ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት አይጠቅመውም። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ስህተት ከመድኃኒት የሚያድን ይሆናል። ከዚያ አንቲባዮቲክ ይመጣል። ጎረቤቶቹ ሁሉ ያልቃሉ፣ እሱ ይተርፋል፣ ሜዳው ለብቻው ይቀርለታል። መድኃኒቱ ያስተማረው ነገር የለም። ተቀናቃኞቹን ነው ያጸዳለት።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ባክቴሪያዎች ፕላስሚድ የሚባሉ ትንንሽ የዘር ቀለበቶችን እርስ በርስ ይሰጣጣሉ። መድኃኒት የመቋቋም ዘር እዚያ ቀለበት ላይ ካለ፣ ዝምድና ለሌለው ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያም ሊተላለፍ ይችላል። ልጅ ከወላጁ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቱም ይወርሳል እንደማለት ነው። በጥጃ አንጀት ውስጥ ማንንም የማይጎዳ ባክቴሪያ የያዘው ዘር ነገ ሰው በሚገድል ባክቴሪያ ውስጥ ሊገኝ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

የሰው ሐኪም ጉዳይ እንዴት በረት ገባ ለሚል፣ በዓለም ላይ ከሚሸጠው አንቲባዮቲክ ከግማሽ በላይ የሚውለው ለእርባታ እንስሳት ነው። መድኃኒቶቹም ባዕድ አይደሉም። ቴትራሳይክሊን፣ ፔኒሲሊን፣ ሰልፋ፤ የሰውም የከብትም ናቸው። ጀርሙ በሥጋ፣ በፍግ፣ በውሃ፣ በእጅ ይሻገራል። በ2019 ብቻ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። ይህ ሁሉ ከእርባታ መጣ ማለት አይደለም። ትልቁ ድርሻ የሰው ሕክምና የራሱ ነው። ግን እርባታው ከደሙ ንጹሕ አይደለም።

ታሪኩ የሚጀምረው ደግሞ ከመልካም ዜና ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ የተባሉ ተመራማሪዎች ለጫጩት መኖ ርካሽ የቫይታሚን ቢ12 ምንጭ ይፈልጉ ነበር። ክሎርቴትራሳይክሊን ከተመረተ በኋላ የሚቀረውን ዝቃጭ ሞከሩት። ጫጩቶቹ ቫይታሚኑ ብቻ ሊያሳድጋቸው ከሚችለው በላይ አደጉ። ምክንያቱ ዝቃጩ ውስጥ የቀረው አንቲባዮቲክ ነበር። ወሬው በ1950 ተሰማ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ጤነኛ እንስሳ እንዲፋፋ ብቻ ተብሎ በየቀኑ በመኖው ጥቂት ጥቂት አንቲባዮቲክ ሲበላ ኖረ።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ግን በ1945 በኖቤል ንግግሩ አስጠንቅቆ ነበር። ጀርሙን ለማይገድል ያህል መጠን ማጋለጥ ጀርሙን ማጠንከር ነው ብሏል። በመኖ ውስጥ ጥቂት ጥቂት መጨመር ይህንኑ ነገር በየዕለቱ፣ በሚሊዮኖች እንስሳት ላይ ማድረግ ነበር። ስዊድን በ1986 ለማፋፊያ መጠቀምን ከለከለች፤ የሚገርመው ራሳቸው ገበሬዎቹም ይህንኑ ይፈልጉ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ዘጋው። አሜሪካ ለሰው ሕክምና ወሳኝ የሆኑትን አንቲባዮቲኮች ለማፋፊያ መስጠትን ያቆመችው በ2017 ነው።

የኮሊስቲን ታሪክ ደግሞ ብዙዎችን ያስደነገጠ ነው። ኮሊስቲን ኩላሊት ስለሚጎዳ ሐኪሞች ለሰው መስጠቱን ትተውት የነበረ አሮጌ መድኃኒት ነው። ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል የመጨረሻ መጠባበቂያ ሆኖ ተመለሰ። እርባታው ውስጥ ግን በቶን ይበላ ነበር። በ2015 መጨረሻ የቻይና ተመራማሪዎች ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ ኤምሲአር-1 የተባለ ዘር በአሳማ፣ በሥጋና በሰው ላይ ማግኘታቸውን አሳወቁ። ዘሩ የተቀመጠው ፕላስሚድ ላይ ነበር፤ ማለትም ተላላፊው ቀለበት ላይ። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች አገሮችም ያከማቹትን ናሙና ሲፈትሹ አገኙት። ቻይና በ2017 ኮሊስቲንን ከመኖ ማፋፊያነት አስወጣች።

አሁን ወደ ዶሮ ቤቱ እንመለስ። አንድ ሺህ ጫጩት አለ እንበል። ሃያዎቹ ተኮራምተዋል፣ ክንፋቸው ወድቋል። አርቢው መድኃኒቱን በርሜል ውሃ ውስጥ በጥብጦ ለሁሉም ያጠጣል። አንድ በአንድ ማከም አይቻልምና ያለው መንገድ ይኸው ነው፤ አልፈርድበትም። ግን የታመመ እንስሳ ብዙውን ጊዜ አይበላም፣ አይጠጣም። ስለዚህ በደንብ የሚጠጡት ጤነኞቹ ናቸው። መድኃኒቱ የሚያስፈልጋት ጫጩት ጫፉን ብቻ ነው የምትቀምሰው፤ ለጀርሙ ማሠልጠኛ የሚሆን መጠን። በዚያ ላይ በርሜሉ የሚለካው በዓይን ግምት፣ የጫጩቶቹ ክብደትም በግምት ከሆነ ውጤቱን አስቡት። በሽታው ደግሞ የቫይረስ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኒውካስል፣ አንቲባዮቲኩ ቫይረሱን ንክች አያደርገውም። ገንዘቡ ይጠፋል፣ ጫጩቱ ይሞታል፣ አንጀት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ግን ይለምዳል።

በእኔ እምነት እዚህ ላይ ክርክሩ የሚዞረው ወደ መድኃኒቱ ብቻ መሆኑ ስህተት ነው። ዋናው ጥያቄ እንስሳው ለምን ታመመ የሚለው ነው።

ጥጃን ውሰዱ። ጥጃ ሲወለድ በሽታ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል፤ በእንግዴ ልጁ በኩል ከእናቱ አያልፍለትም። የሚያገኘው ከእንገር ነው። እንገሩ ውስጥ ያለውን መከላከያ አንጀቱ እንዳለ የሚመጠው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ቀኑ ሳይሞላ በሩ ይዘጋል። በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንገር የጠገበ ጥጃ ተቅማጥና የሳንባ ምች በቀላሉ አይጥለውም። ያልጠገበው ከሳምንት በኋላ መርፌ ይወጋል። ብዙ ጊዜ የአንቲባዮቲኩ ሒሳብ የሚጀምረው ከዚያች ያልተጠባች እንገር ነው።

ወይም የጡት በሽታን ውሰዱ። በወተት ላሞች እርባታ ለአንቲባዮቲክ ትልቁ ምክንያት እሱ ነው። ላሟ ታልባ ስታበቃ የጡቷ ጫፍ ቀዳዳ ወዲያው አይዘጋም፤ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ወዲያው እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ከተኛች ጀርሙ ሰተት ብሎ ይገባል። ብልህ አላቢ ምን ያደርጋል? ጡቷን ፀረ-ጀርም ውስጥ ይነክራል፣ ከዚያ መኖ ያቀርብላታል። እየበላች ትቆማለች፤ ቀዳዳው ይዘጋል። ከማለቡ በፊትም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጭምቆች ጥቁር ታች ባለው ኩባያ ላይ ያያቸዋል። የረጋ ነገር ወይም ቁርጥራጭ ካለ ጥቁሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያቺ ላም መጨረሻ ላይ ትታለባለች።

ይህን ነገር በትልቁ ያሳየችው ኖርዌይ ናት። የሳልሞን ዓሣ እርባታዋ በ1987 ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ይወስድ ነበር። ከዚያ ለዋና ዋናዎቹ የባክቴሪያ በሽታዎች ጥሩ ክትባት መጣ። የእርባታ ቦታዎቹም ተራርቀው እንዲሠሩ፣ በዙር መካከል ቦታው ባዶ እንዲያርፍ ተደረገ። ከአሥር ዓመት በኋላ ፍጆታው አንድ ቶን ገደማ ወርዶ ነበር። የዓሣው ምርት ግን በዚያው ጊዜ ብዙ እጥፍ አድጓል።

ይህ ሁሉ ሆኖም እንስሳ ይታመማል። የታመመን እንስሳ አለማከም ጭካኔ ነው፤ በጥንቃቄ መጠቀም ማለት ፈጽሞ አለመጠቀም አይደለም። ያኔ ሐኪም ይይ። የሚቻል ከሆነ ናሙና ላቦራቶሪ ይሂድ። እዚያ ጀርሙ ሳሕን ላይ ይዘራና መድኃኒት የነካ ትንንሽ ክብ ወረቀት ይቀመጥበታል። የሚሠራው መድኃኒት ዙሪያ ጀርም የሌለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይወጣል። የማይሠራው ዙሪያ ጀርሙ እስከ ወረቀቱ ድረስ ይበቅላል። እንደዚያ ቁልጭ ያለ ማስረጃ ካለ በግምት መድኃኒት መቀያየር አያስፈልግም። መጠኑ በክብደት፣ ቀኑ ሐኪሙ እንዳለው፣ የተሰጠውም ደብተር ላይ ይጻፍ። ለሰው መጠባበቂያ የሆኑት መድኃኒቶች ደግሞ መጀመሪያ እጅ የሚዘረጋባቸው አይደሉም።

በነገራችን ላይ ሰዎች ሁለት ነገር ያደባልቃሉ። ወተትና ሥጋ ውስጥ የሚቀር የመድኃኒት ቅሪት አንድ ነገር ነው፤ የለመደ ጀርም ሌላ። ለቅሪቱ መላው ቀን መቁጠር ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት ከሰውነት እስኪወጣ ወተቱም ሥጋውም የማይሸጥበት ጊዜ አለው፣ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ጀርሙን በደንብ ማብሰል ይገድለዋል፤ ብዙዎቹን የመድኃኒት ቅሪቶች ግን ማፍላት አያጠፋቸውም። ያንን ለሽያጭ የማይሆን ወተት «እንዳይባክን» ብሎ ለጥጃ ማጠጣትም የተለመደ ነው። ጥጃው አንጀት ውስጥ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተነዋል።

መድኃኒቱን ማቆም ብቻውን ያድናል ወይ? ዴንማርክ ይህን በራሷ ላይ አየችው። ማፋፊያውን ስታስቆም ገና ጡት የጣሉ የአሳማ ግልገሎች ተቅማጥ በዛባቸው፣ ለሕክምና የሚሰጠውም ለጊዜው ጨመረ። የመኖ አሰጣጡና አያያዙ መስተካከል ነበረበት።

ከዚያች አገር የተገኘ ሌላ ታሪክም አለ፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ እሱ ነው። አቮፓርሲን የተባለ ማፋፊያ ለሰው መጠባበቂያ የሆነው የቫንኮማይሲን የቅርብ ዘመድ ነው። ዴንማርክ በ1995 ከለከለችው። በዶሮዎቹ ላይ ቫንኮማይሲንን የለመደው ጀርም ቀነሰ። በአሳማዎቹ ላይ ግን ዓመታት ቢያልፉም ንቅንቅ አላለም። ሲመረመር፣ ጀርሙ ቫንኮማይሲንን የሚቋቋምበት ዘርና ታይሎሲንን ጨምሮ የሌላ መድኃኒት ቤተሰብን የሚቋቋምበት ዘር አንድ ፕላስሚድ ላይ ተያይዘው ተገኙ። ታይሎሲን ደግሞ ያኔም አሳማዎቹ መኖ ውስጥ ነበር። ታይሎሲንን በሚቋቋመው ዘር የተረፈው ጀርም ሌላውንም ዘር ይዞት ይኖር ነበር። በ1998 ታይሎሲን ለማፋፊያ መሰጠቱ ሲቀር ነው ቫንኮማይሲንን የለመደው ጀርም በአሳማዎቹም ላይ መቀነስ የጀመረው።